«አንቺ» የሚለው ማነው? ሴትነትና ወንድነት በቴአትር መድረክ

አንድ ሰው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ «መጣሁ፣ ደክሞኛል፣ ውሃ ስጡኝ» ቢልና ድምፁን ባንለየው፣ ወንድ ይሁን ሴት አናውቅም። አማርኛ «እኔ» ለሚል ሰው ፆታ አይሰጥም። ፆታው የሚመጣው ሌላ ሰው አፉን ሲከፍት ነው። «ምነው ዘገየህ?» ወይም «ምነው ዘገየሽ?» ይባላል፤ በቃ፣ ነገሩ ለየለት።

ስለ ፆታና ስለ ቴአትር ሳወራ ሁሌም ከዚህች የሰዋስው ነገር እጀምራለሁ። መድረክ ላይ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ተዋናይ ቀሚስ ስለለበሰ ብቻ ሴት አይሆንም። አብሮት የሚጫወተው ሰው «አንቺ» ሊለው ይገባል። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰውም ያንን «አንቺ» ሊቀበል ይገባል።

«አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» የሚባለውን የሼክስፒር ተውኔት ውሰዱ። ቫዮላ የምትባል ወጣት መርከቧ ተሰብሮ በማታውቀው አገር ትቀራለች። የወንድ ልብስ ትለብሳለች፣ ስሜ ሴዛሪዮ ነው ትላለች፣ ኦርሲኖ የተባለ መስፍን ቤት አሽከር ሆና ትገባለች። መስፍኑን ትወደዋለች። እሱ ግን የሚወደው ኦሊቪያ የምትባል ወይዘሮ ነው። የፍቅር መልእክቱን የሚያስይዘውም ለሴዛሪዮ ነው። ኦሊቪያ ደግሞ መልእክቱን ትታ መልእክተኛውን ትወዳለች።

እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ ውስብስብ አንድ «ዩ» ይበቃዋል። አማርኛ ግን በያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መወሰን አለበት። መስፍኑ «አንተ» ይላታል። ኦሊቪያም «አንተ» ትላታለች። እኛ ተመልካቾች ደግሞ በልባችን «አንቺ» እንላለን። ቫዮላ ብቻዋን ስትቀርና «እኔ» ስትል ግን ቋንቋው ራሱ ይሸፍናታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ተውኔት በ1602 ለንደን ውስጥ ሚድል ቴምፕል በሚባል አዳራሽ ሲታይ ቫዮላን የተጫወተው ወንድ ልጅ ነበር። ወንድ ልጅ ሴት ሆኖ ይጫወታል፤ ሴቷ ደግሞ ወንድ ሆና ትጫወታለች። (የውጭውን ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኛን በኛው እጽፋለሁ።)

ፆታ እና ሥርዓተ ፆታ

«ፆታ» ስንል ብዙ ጊዜ አካልን፣ ተፈጥሮን ማለታችን ነው። «ሥርዓተ ፆታ» የሚለውን ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ በርና በየስብሰባው ስለምናየው ሰልችቶን ይሆናል። እኔ ግን ቃሉን እወደዋለሁ። «ሥርዓት» ይላልና። የሰርግ ሥርዓት አለ፣ የለቅሶ ሥርዓት አለ፣ የማዕድ ሥርዓት አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን መጀመሪያ እንደሚናገር፣ ማን ምን እንደሚለብስ ሁሉም ያውቃል። ተጽፎ ግድግዳ ላይ አልተሰቀለም። የሳተ ሰው ግን ወዲያው ይታወቃል። ወንድ መሆንና ሴት መሆንም እንዲህ ያለ ሥርዓት አላቸው።

ሥርዓቱ የሚጀምረው ገና ስንወለድ ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢ ለወንድ ልጅ የሚባለው እልልታ ለሴት ልጅ ከሚባለው በቁጥር ይበልጣል። ጎረቤት ደጁ ላይ ቆሞ እልልታውን ቆጥሮ ያውቃል። ሕፃኑ ዓይኑን በወጉ ሳይገልጥ ሚናው ተነግሮለታል። ከዚያ ልምምዱ ይቀጥላል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም!» «እግርሽን ሰብስቢ!» ልጅቷ እግሯን ትሰበስባለች። ሺህ ጊዜ ከሰበሰበች በኋላ ማሰብ አያስፈልጋትም። ያኔ የሚያያት ሰው «ሴት አይደለች እንዴ፣ ተፈጥሮዋ ነው» ይላል። ልምምዱን ማንም አያስታውሰውም።

ጁዲት በትለር የተባሉት አሜሪካዊ ፈላስፋ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጻፉት ነገር ዋና ፍሬው ይኸው ነው። ሴትነትና ወንድነት ውስጣችን ቁጭ ብሎ በድርጊት የሚገለጥ ነገር አይደለም፤ ድርጊቱ ሲደጋገም የሚሠራ ነገር ነው ይላሉ። ይህን የሰማ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «እንዲህ ከሆነ እንደ ልብስ ጠዋት ተነስቼ የምመርጠው ነው ማለት ነው?» አይደለም። በትለርም እንዲህ ማለቴ አይደለም ብለው ደጋግመው አስረድተዋል። ሥርዓቱ ከኛ በፊት ነበር። የጣሰውን ደግሞ ይቀጣል።

በዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ሰጥተዋል፣ ከአእምሮዬ አይጠፋም። የሴት ልብስ የለበሰ ወንድ መድረክ ላይ ቢወጣ ሰው ይዝናናል፣ ያጨበጭባል። ያው ሰው ያንኑ ልብስ ለብሶ አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን ቢቀመጥ ግን ፍርሃትና ቁጣ ሊመጣ ይችላል። ልብሱ አልተለወጠም። አውቶቡስ ውስጥ የጠፋው «ይህ ጨዋታ ነው» የሚለው ስምምነት ነው። ተዋናዩ ማታ ልብሱን አውልቆ ይሰቅላል፣ ፊቱን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያለው ሰው የሚታጠብበት ቦታ የለውም።

ቴአትርን ለዚህ ጉዳይ የምፈልገው ለዚሁ ነው። መንገድ ላይ ሳናስተውለው የሚያልፈን ነገር መድረክ ላይ መብራት በርቶበት ይቆምልናል።

የለንደን ልጆች

በሼክስፒር ዘመን የእንግሊዝ የቴአትር ቡድኖች በሙሉ የወንድ ነበሩ። ወጣት ሴቶችን የሚጫወቱት ከ12 እና 13 ዓመታቸው ጀምረው እስከ 20 ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች ናቸው። አንድ ልጅ ለአንድ አንጋፋ ተዋናይ በተለማማጅነት ይሰጣል። ሥራውን የሚማረው ከሱ ነው። አነጋገር ይማራል፣ ዘፈንና ጭፈራ ይማራል፣ ከባዱን ቀሚስ ሳይረግጠው መራመድ ይማራል። እንደ ሸማኔ ወይም እንደ አንጥረኛ ልጅ ሙያ ነው የሚቀስመው።

ሴቶች መድረክ ላይ እንዳይወጡ የሚከለክል የተጻፈ ሕግ ግን እንግሊዝ አገር አልነበረም። ልማድ ነበር። ልማድ ደግሞ አንዳንዴ ከሕግ ይጠነክራል፣ ይግባኝ የሚባልበት ቦታ የለውምና። በዚያው ዘመን ጣሊያን ውስጥ ሴቶች መድረክ ላይ ነበሩ። ከ1562 እስከ 1604 የኖረችው ኢዛቤላ አንድሬይኒ ዝናዋ ፈረንሳይ ድረስ ደርሶ ነበር። ስፔንም በ1587 ለሴቶች ፈቃድ ሰጥታለች። ቶማስ ኮርያት የሚባል እንግሊዛዊ መንገደኛ በ1608 ቬኒስ ውስጥ ሴቶች ሲተውኑ አየ። ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም ነበር። ካየኋቸው ወንድ ተዋንያን በምንም አያንሱም ብሎ ጻፈ። መገረሙን ልብ በሉ። ሴት ሴትን መጫወት መቻሏ ነው የገረመው።

ቴአትርን የሚጠሉ አጥባቂ ሰባኪዎች ደግሞ ዘዳግም 22፥5ን ይጠቅሱ ነበር። ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ፣ ወንድም የሴት ልብስ አይልበስ የሚለውን ማለት ነው። ስለዚህ ልጁ ቀሚስ ቢለብስ ኃጢአት ነው። ሴቷ ራሷ ብትወጣስ? እሱም ነውር ነው። ዊልያም ፕሪን የተባለ ጠበቃ በ1633 ባሳተመው ቴአትርን የሚያወግዝ ትልቅ መጽሐፍ ሴት ተዋንያንን ጋለሞታ ብሎ ሰደበ። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ ንግሥት ሄንሪዬታ ማሪያ ራሷ በቤተ መንግሥት ትርኢት ላይ ትጫወት ነበር። ስድቡ ንግሥቲቱን የነካ ተደርጎ ተወሰደና ፕሪን ጆሮዎቹ ተቆረጡ።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ የሴት ሚና የሚችሉ ልጆች ጥቂት ነበሩ፤ ሦስት፣ አራት ቢሆኑ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ስንት ሴት መጻፍ እንደሚችል የሚወስነው ይህ ነው። «ሐምሌት» ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እናትየዋና ኦፌሊያ። «ንጉሥ ሊር» ውስጥ ሦስት ሴት ልጆች አሉ፣ የወለደቻቸው እናት ግን መድረኩ ላይ የለችም። ለዚህ ብዙ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል። አንዱ ግን ቀላል የሥራ ምክንያት ነው፣ ልጅ አልነበረማ። እነዚህ ተውኔቶች በዓለም ሁሉ ተተርጉመው ለአራት መቶ ዓመት ሲታዩ ያ የልጅ እጥረት አብሯቸው ተጉዟል። ዛሬ አንዲት ተዋናይት ለሷ የሚሆን ሚና ስታጣ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ እዚያ ድረስ ይዘልቃል።

ተመልካቹስ ልጅ መሆኑን አያውቅም ነበር? ያውቃል እንጂ። «አንቶኒና ክሊዮፓትራ» ውስጥ ንግሥቲቱ ከመሞቷ በፊት የምትፈራው አንድ ነገር አለ። ተማርካ ሮም ብትሄድ አንድ ድምፀ ቀጭን ልጅ እሷን ሆኖ ሊጫወትና ክብሯን ሊያዋርድ እንደሚችል ትናገራለች። ይህን የሚናገረው መድረኩ ላይ ያለው ልጅ ነው! ሼክስፒር ምስጢሩን ራሱ ያጋልጠዋል፣ ያም ሆኖ ተመልካቹ ወደ ንግሥቲቱ ሞት አብሮ እንዲሄድ ይፈልጋል።

አብሮ ይሄድ እንደነበርም ምስክር አለን። ሄንሪ ጃክሰን የተባለ ሰው በ1610 ኦክስፎርድ ውስጥ «ኦቴሎ»ን አየ። በላቲን በጻፈው ደብዳቤ ላይ የኦቴሎ ሚስት ዴዝዴሞና በባሏ ተገድላ አልጋዋ ላይ ስትተኛ ፊቷ ብቻ የተመልካቹን ርኅራኄ ይለምን እንደነበር ይናገራል። ላቲን እንደ አማርኛ ፆታ የሚለይ ቋንቋ ነው። ጃክሰን የጻፈው «እሷ» ብሎ ነው። ልጁን አላነሳውም። ያ ስሙ የማይታወቅ ልጅ የዚያን ቀን የሚፈልገውን «እሷ» አግኝቷል።

ሴቷ ስትገባ

በ1642 በእርስ በርሱ ጦርነት ምክንያት የለንደን ቴአትር ቤቶች ተዘጉ። 18 ዓመት ቆይተው በ1660 ሲከፈቱ ንጉሡ ቻርልስ ሁለተኛ ከስደት ተመልሶ ነበር። በአውሮፓ ምድር ሴቶች ሲተውኑ የለመደ ሰው ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን 1660 አንዲት ሴት ዴዝዴሞናን ሆና ወጣች። ከመጋረጃው በፊት አንድ ሰው ወጥቶ ለተመልካቹ በግጥም አስታወቀ። ዛሬ የምትጫወተው ሴት ናት፣ እንዳትሳሳቱ፣ ቀሚስ የለበሰ ወንድ አይደለም አለ። እስኪ አስቡት። ሴት ሴትን ስለምትጫወት ማስታወቂያ አስፈለገ። የዚያች ሴት ስም ደግሞ በእርግጠኝነት አልተመዘገበም። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1662፣ የሴት ሚናን ሴቶች እንዲጫወቱ በንጉሡ ፈቃድ ላይ ተጻፈ።

ኤድዋርድ ኪናስተን የሚባል ወጣት የዚያ ለውጥ መሃል ላይ ነበር። የሴት ሚና ይጫወታል። ዕለት ማስታወሻው የታወቀው ሳሙኤል ፒፕስ በነሐሴ 1660 አይቶት በሕይወቴ ካየኋቸው ሴቶች ሁሉ የምታምር ናት ብሎ ጻፈ። በጥር 1661 ደግሞ በአንድ ተውኔት ውስጥ ድሃ ሴት፣ ከዚያ የተሽቀረቀረች ወይዘሮ፣ በመጨረሻም ወንድ ሆኖ ሲወጣ አየው። በአዳራሹ ካሉት ሴቶች ሁሉ ቆንጆዋ እሱ ነበር፣ ከወንዶቹም ሁሉ መልከ መልካሙ እሱ ነበር አለ። ኪናስተን በኋላ ነገሥታትን እየተጫወተ ረጅም ዕድሜ ሠርቷል። ቀሚሱ ግን አልተመለሰም።

የሴቶቹ መግባት ትልቅ ነገር ነው። ሙያ ተገኘ፣ ደሞዝ ተገኘ፣ ስም ተገኘ። ግን ወዲያው ሌላ ነገር መጣ። ከ1660 እስከ 1700 ለንደን ውስጥ ከታዩት ተውኔቶች ሩብ ገደማ በሚሆኑት ውስጥ ሴቷ የወንድ ሱሪ ለብሳ የምትወጣበት ቦታ አለ። ታሪኩ ስለሚፈልገው ብቻ አይደለም። በረጅም ቀሚስ ዘመን የሴት እግር የሚታየው በጠባብ ሱሪ ብቻ ስለሆነ ነው። የልጆቹ ሱሪ መልበስ የሚያሳስበን ስለ ማንነት ነበር። የሴቶቹን ሱሪ ተመልካቹ የፈለገው ለዓይኑ ነው። አንድ ዓይነት ልብስ፣ ፍጹም የተለያየ ሥራ። በዚህ ምክንያት «ሴቶች መድረክ ላይ ስለወጡ ችግሩ ተፈታ» የሚለውን አባባል አልቀበልም። ማን ቆመ ብቻ ሳይሆን ማን ያያል፣ ምን ሊያይ ከፈለ የሚለውም ጉዳይ ነው።

ከሱሪው ሚና ውስጥ ግን ሌላ መንገድም ወጥቷል። ፈረንሳዊቷ ተዋናይት ሳራ በርናርት በ1899 ፓሪስ ላይ ሐምሌትን ስትጫወት ዕድሜዋ ሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነበር። እግሯን ለማሳየት አልነበረም። ለሴት የተጻፈ እንደ ሐምሌት ያለ ሚና ስላልነበረ ነው። እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ግሌንዳ ጃክሰን በ2016 ለንደን ውስጥ ንጉሥ ሊርን ስትጫወት 80 ዓመቷ ነበር። እስኪ በየትኛውም ቋንቋ ከተጻፉ ተውኔቶች ውስጥ ለ80 ዓመት ሴት የተጻፈ እንደ ሊር ያለ ሚና ፈልጉ።

ጉልበት መሃል የሚያዝ ወረቀት

ወደ ጃፓን ልሻገር። ካቡኪ የሚባለውን የጃፓን ቴአትር የጀመረችው ሴት ናት። ኢዙሞ ኖ ኦኩኒ ትባላለች። በ1603 ገደማ ኪዮቶ ውስጥ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ሰይፍ ታጥቃ ታሳይ ነበር። መንግሥት በ1629 ሴቶችን ከመድረክ አገደ። ቦታውን ወጣት ወንዶች ያዙት። በ1652 እነሱም ታገዱ። ለሁለቱም እገዳ የተሰጠው ምክንያት ከመድረክ ጀርባ ይሠራል የተባለው የገላ ንግድ ነው። ከዚያ የቀሩት ጎልማሳ ወንዶች ሆኑ፤ ግንባራቸውን ተላጭተው፣ የተላጨውን በጨርቅ ሸፍነው ሴት ሆነው ወጡ። ኦናጋታ ይባላሉ።

ስለ ኦናጋታ የሚማርከኝ እጅ ሥራው ነው። ትከሻ ጠባብ እንዲመስል የጀርባ አጥንቶችን ወደ ኋላ ይገጥማሉ። ቁመት እንዲያጥር ጉልበት በቀሚሱ ውስጥ በርከክ ይላል። ጣቶች ተገጥመው እጅጌ ውስጥ ይደበቃሉ፣ የወንድ እጅ ትልቅ ነውና። ሲለማመዱ ጉልበቶቻቸው መሃል ወረቀት ይይዛሉ፤ ሲራመዱ ወረቀቱ መውደቅ የለበትም። ከ1673 እስከ 1729 የኖረው ዮሺዛዋ አያሜ የተባለው ታላቅ ኦናጋታ ደግሞ ከመድረክ ውጭም እንደ ሴት ካልኖርክ መድረክ ላይ አይሳካልህም ብሎ ያስተምር ነበር።

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ አለ። ይህ ጥበብ የሚያሳየው ሴትን ነው ወይስ ወንዶች የሚመኟትን ሴት? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። ጥበቡ ግን በዚህ አያንስብኝም። እንዲያውም ሌላ ነገር ያሳየኛል። ወረቀቱን ጉልበቱ መሃል የያዘውን ተዋናይ ሳስብ «እግርሽን ሰብስቢ» የተባለችው ልጅ ትመጣብኛለች። ሁለቱም ያንኑ ነገር ነው የተማሩት። እሱ ተለማምዶ መጣ ይባላል፣ እሷ ተፈጥሮዋ ነው ትባላለች።

ጃፓን ውስጥ ተቃራኒውም አለ። በ1914 የመጀመሪያ ትርኢቱን ያሳየው ታካራዙካ የሚባል ቡድን በሙሉ የሴቶች ነው። ወንድ የሚጫወቱት ሴቶች ድምፃቸውን ያወፍራሉ፣ አቀማመጣቸውን ያሰፋሉ፣ እርምጃቸውን ያረዝማሉ። ተመልካቾቻቸው አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ወንድነትም እንደ ሴትነት የሚለማመዱት ነገር መሆኑን እንደዚህ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ የለም። ስለ ሥርዓተ ፆታ ሲወራ ሰው ሁሉ ስለ ሴት ብቻ የሚወራ ይመስለዋል። ወንዱም እኮ ሲያድግ ጉሮሮውን ጠርጎ መግባት፣ ጋቢውን ጣል አድርጎ መቀመጥ፣ እንባውን መዋጥ ተምሯል።

የኛ መድረክ

አገራችንም በዚህ መንገድ አልፋለች። ዘመናዊ ቴአትር ሲጀመር ተዋንያኑ ተማሪ ወንዶች ልጆች ነበሩ። አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ለረጅም ጊዜ የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። በዘፈኑ በኩል ሴቶች ነበሩ፤ ቃለ ተውኔት ይዞ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሕዝብ ፊት የምታዜም ሴት «አዝማሪ» ተብላ የምትናቅበት ጊዜ ነው። ቤተሰብ ልጁን ለዚያ ስም አሳልፎ አይሰጥም። ባል ሚስቱን አይሰጥም። መድረክ ላይ ከሌላ ወንድ ጋር ፍቅር ማስመሰል ደግሞ ጭራሽ የሚታሰብ አልነበረም። ያው «ይህ ጨዋታ ነው» የሚለው ስምምነት ለሴቷ አልተፈረመላትም። ወንዱ ቀሚሱን አውልቆ ይሄዳል፤ እሷ ግን መድረክ ላይ የሆነችው ነገር ተከትሏት ወደ ሰፈር ይገባል።

ያንን ግድግዳ ከገፉት ሴቶች መካከል ሰላማዊት ገብረሥላሴና አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ብቅ አሉ። አስናቀችን ብዙዎቻችን የምናውቃት በክራሯ ነው። በተዋናይነቷ ግን እኩል ልናስታውሳት ይገባል። በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ሲከፈት ሴት ተዋንያን መድረክ ላይ ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመጣ ለውጥ ነው። እነዚያ ሴቶች የከፈሉትን ዋጋ እያሰብኩ ሁሌም ልቤ ይነካል። ያለ አርአያ፣ ከፊታቸው ማንም ሳይኖር፣ ሴትን መድረክ ላይ እንዴት መሆን እንዳለባቸው ራሳቸው መፈልሰፍ ነበረባቸው። ከነሱ በፊት የነበሩት ሴቶች በሙሉ ወንዶች የሠሯቸው ናቸውና።

ትምህርት ቤት እያለሁ በድራማ ክበባችን እናትን የሚጫወት ልጅ ነበር። የእህቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ነጠላ ተከናንቦ ሲወጣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። ቁጭ አለ። ነጠላውን አስተካከለ፣ ከዚያ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። የጎረቤት እናት ሐዘን ቤት ስታደርገው ያየሁትን በትክክል ነው ያደረገው። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። «ልጄን አያችሁት ወይ?» ሲል ከኋላችን የተቀመጡት እናቶች አለቀሱ። በሳቁና በለቅሶው መካከል የተለወጠው ልብሱ አልነበረም። ልጁ እናትየዋን አከበራት፤ እኛም ተከተልነው።

ዛሬም በኮሜዲ ወንድ ቀሚስ ለብሶ ሲወጣ እናያለን። እኔ ቀሚሱን አልቃወምም። የምጠይቀው ሳቁ ከየት እንደሚመጣ ነው። ሳቁ ከሴትየዋ ብልጠት፣ ከነገረኛነቷ፣ ከችግሯ ከመጣ ሰው አይተናል ማለት ነው። ሳቁ የመጣው «ወንድ ሆኖ ሴት መሰለ» ከሚለው ብቻ ከሆነ ግን የምንስቀው ሴት መሆን ውርደት ነው ብለን ስለምናስብ ነው። ቋንቋችን ይህን ያውቃል። እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «አንቺ» ትለዋለች፣ ሴት ልጇንም «አንተ» ትላታለች፣ በፍቅር። መንገድ ላይ ሁለት ወንዶች ሲጣሉ አንዱ ሌላውን «አንቺ» ካለው ግን ዱላ ይመዘዛል።

ሌላው ነገር ጽሑፉ ነው። ሴቷን ሴት ብትጫወታትም ድርሰቱ የሚሰጣት ሥራ ከሌለ ምን ዋጋ አለው? ቀጣይ ቴአትር ስታዩ ግሦቹን ልብ በሉ። ወንዱ ይወስናል፣ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይገድላል፣ ይጸጸታል። ሴቷ ትጠብቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትለምናለች፣ ይቅር ትላለች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት ስንት ድርሰት እንደመራ ያን ጊዜ ይታያችኋል። መጀመሪያ ማን እንደሚነሳ ተመልከቱ። በሩን ማን እንደሚከፍት፣ ቡናውን ማን ይዞ እንደሚገባ፣ ሁለት ሴቶች ብቻቸውን መድረክ ላይ ሲቀሩ ስለ ምን እንደሚያወሩ ተመልከቱ። አዘጋጁ ሳያስበው ያደረገው ነገር ብዙ ጊዜ አስቦ ካደረገው የበለጠ ይናገራል።

አሁን ወደ ቫዮላ ልመለስ፣ አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። በተውኔቱ መጨረሻ ምስጢሩ ይወጣል። ሴዛሪዮ ሴት መሆኗ ይታወቃል። መስፍኑም ሊያገባት ይወስናል። ግን የሴት ልብሷ እዚያ የለም፤ በመርከቡ አለቃ እጅ ነው፣ አለቃው ደግሞ ታስሯል። ስለዚህ ቫዮላ በወንድ ልብሷ እንዳለች ተውኔቱ ያልቃል። ኦርሲኖ ይህን ሁሉ እያወቀ፣ የመጨረሻ ንግግሩ ላይ አሁንም «ሴዛሪዮ» ብሎ ይጠራትና «ከኔ ጋር ና» ይላታል። ወንድ እስከሆንክ ድረስ ስምህ ይኸው ነው፣ ሌላ ልብስ ስትለብስ ግን የኔ እመቤት ትሆናለህ ይላል።

ወይስ «ነይ» ነው የሚላት? «ትሆኛለሽ» ነው? እንግሊዝኛው አይነግረንም። አማርኛ ተርጓሚ ግን እዚህ ቦታ ላይ ብዕሩን ይዞ መቆሙ አይቀርም። «ነይ» ካላት ሴትነቷን ያለ ቀሚስ ተቀብሏል። «ና» ካላት ገና ልብሷን እየጠበቀ ነው። እኔ ብሆን በጽሑፉ ላይ «ና» ብዬ እተወዋለሁ። ልምምድ ላይ ግን ተዋናዩን፣ ቃሉን ከማውጣትህ በፊት ትንሽ ቆይ፣ «ነይ» ልትል አፍህን ክፈትና ተመለስ እለዋለሁ።